ከሞላሰስ እስከ ነዳጅ ኤታኖል፦ የፕሮሰስ ዲዛይን ማስተርስ ለምትጀምሩ

በኬሚካል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን ይዛችሁ ወደ ማስተርስ የምትገቡ፣ በተለይም የፕሮሰስ ዲዛይን ዘርፍን የመረጣችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ ትምህርቱን አዲስ አበባ ውስጥ የተከታተልኩት ፋብሪካ ውስጥ ጥቂት ዓመታት ከሠራሁ በኋላ ነበር። ሒሳቡ ከባድ እንደሚሆን አስቀድሜ ስለማውቅ ብዙ አላስደነገጠኝም። ያልጠበቅኩት ነገር ጥያቄው ራሱ ሳይሰጠን መቅረቱን ነው።

በመጀመሪያ ዲግሪ ፈተና ላይ «የዚህ የዲስቲሌሽን ማማ የትሪ ብዛት ስንት ነው?» እንባላለን፤ ማማው ፈሳሾችን በማፍላት የሚለይ ረጅም ዕቃ ነው፣ ትሪዎቹም ውስጡ የተደረደሩት ወለሎች ናቸው። የሚገባው ፍሰት፣ የሚፈለገው ንጽህና፣ ግፊቱ፣ የሪፍላክሱ (ወደ ማማው የሚመለሰው የአናት ፈሳሽ) መጠን ሁሉ ተጽፎ ይቀርብልናል። በማስተርስ ደረጃ የሚሰጠው ግን አንዳንድ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ከሞላሰስ (ስኳር ከተመረተ በኋላ ከሚቀረው ወፍራም ጣፋጭ ፈሳሽ) ነዳጅ ኤታኖል የሚያመርት ፋብሪካ ንደፉ» ይባላል። ማማው ስንት ይሁን? በምን ግፊት ይሥራ? ሙቀቱ ከየት ይምጣ? ዝቃጩ የት ይሂድ? ይህን ሁሉ ተማሪው ይመርጣል፣ ለእያንዳንዱ ምርጫም ምክንያት ይጠየቃል። መምህራችን የመጀመሪያውን ሥዕላችንን ሲያዩ ቁጥር አልጠየቁም፤ ጣታቸውን አንድ ቫልቭ ላይ አድርገው «ይህ ለምን እዚህ ሆነ?» ነበር ያሉት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ አንድ ሂደት መርጣችሁ ከመጀመሪያው ሴሚስተር እስከ መመረቂያ ጽሑፍ ይዛችሁት ሂዱ የሚል ነው። በየኮርሱ አዲስ ምሳሌ የሚቀያይር ተማሪ የብዙ ነገር መግቢያ ብቻ ይዞ ይወጣል። እኔ የያዝኩት የኤታኖልን ምርት ነበር፤ ዛሬም ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ፊንጫና መተሐራ የስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኤታኖል ያመርታሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀመር ድርሻው 5 በመቶ ነበር፤ በኋላም ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ሂደቱ አገር ውስጥ አለ፣ ሄዶ ማየት ይቻላል፣ የሚጠይቁት ሰውም አይጠፋም።

ምሳሌው ጥሩ የሆነበት ዋነኛ ምክንያት ግን የዘርፉን ከባድ ጥያቄዎች በሙሉ በአንድ ላይ መያዙ ነው። ኤታኖልና ውሃ በመደበኛ የባሕር ወለል ግፊት ኤታኖሉ በክብደት 95.6 በመቶ ሲደርስ አዜዮትሮፕ ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ ፈሳሹና ተኑ አንድ ዓይነት ቅንብር ስለሚኖራቸው፣ ማማውን የቱንም ያህል ብታስረዝሙት ንጽህናው አይጨምርም። እናቶቻችን ተራውን አረቄ መልሰው በማንጠር ዳግም አረቄ ሲያወጡ አልኮሉ የሚበረታው ተኑ ከፈሳሹ ይልቅ በኤታኖል የበለጸገ ስለሆነ ነው፤ ማማ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ትሪም የሚሠራው ይህንኑ ነው። አዜዮትሮፑ ላይ ሲደረስ ግን ያ ልዩነት ይጠፋል። ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀል ኤታኖል ደግሞ 99.5 በመቶ አካባቢ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ውሳኔ ይመጣል፤ የቴርሞዳይናሚክስ ሞዴል፣ ማለትም በፈሳሹና በተኑ መካከል ያለውን ሚዛን የሚያሰላውን ቀመር መምረጥ። የሲሙሌሽን ፕሮግራሙ ሲከፈት የትኛውን ሞዴል እንደምትፈልጉ ይጠይቃል፤ ብዙ ተማሪ ደግሞ ይህን ገጽ እንደ መግቢያ በር ቆጥሮ ያልፈዋል። በራውልት ሕግ የሚሠራውን፣ የሞለኪውሎቹን መሳሳብ ሁሉ እኩል አድርጎ የሚቆጥረውን «አይዲያል» (ሐሳባዊ) የሚባል የቅይጥ ሞዴል ብትመርጡ አዜዮትሮፕ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ኮምፒውተሩ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ 99.9 በመቶ ኤታኖል ከአንድ ማማ አናት ያወጣላችኋል። ስሌቱ ይዘጋል (መልስ ላይ ይደርሳል)፣ ሠንጠረዡ ያምራል፣ ፋብሪካው ግን በተፈጥሮ ሊኖር አይችልም። እንደ ኤታኖልና ውሃ ላሉ ዋልታዊ ፈሳሾች በዝቅተኛ ግፊት እ.ኤ.አ. በ1968 የቀረበው ኤንአርቲኤል ወይም በ1975 የቀረበው ዩኒኳክ የተባለው ሞዴል ይስማማል። የ1976ቱ ፔንግ-ሮቢንሰን ደግሞ ለነዳጅ ጋዝና ለሃይድሮካርቦኖች ጎበዝ ነው። ዩኒፋክን የምትጠቀሙት የተለካ መረጃ ሲጠፋ ብቻ ይሁን፤ ግምት ነውና።

የሞዴሉን ስም ጽፎ ማለፍ ግን አይበቃም። እኔ የለመድኩት ሥርዓት ይህ ነው፦ ማማ ከመሥራቴ በፊት በመረጥኩት ሞዴል የሁለቱን ፈሳሾች የሚዛን ኩርባ አስላለሁ፤ በላቦራቶሪ ከተለኩ ነጥቦች ጋር በአንድ ግራፍ ላይ አስቀምጣለሁ፤ አዜዮትሮፑ 95.6 በመቶና 78.2 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መውደቁን አያለሁ። ይህን ገጽ በዲዛይን ዘገባችሁ ውስጥ ብታስገቡ መርማሪዎች የሚያነሡት ጥያቄ ግማሹ ከወዲሁ ይመለሳል።

ቅይጡን ሁለት ንጥረ ነገር ብቻ አድርጎ መሥራትም አደጋ አለው። እርሾ ከኤታኖል ጋር ፊዩዝል ዘይት የሚባሉትን ከባድ አልኮሎችም ያመርታል። እነዚህ ማማው ግርጌ ውሃ ስለሚበዛ ወደ ላይ ይገፋሉ፣ አናቱ ላይ ኤታኖል ስለሚበዛ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ መሐል ላይም ይከማቻሉ። የጎን መውጫ ካልተሠራላቸው የማማውን አሠራር ያናጋሉ። ሁለት ንጥረ ነገር ብቻ ያስገባ ተማሪ ይህን መውጫ በሥዕሉ ላይ የሚያስቀምጥበት ምክንያት አያገኝም።

አሁን በጣም ወደምወደው ጉዳይ ልምጣ፤ የከፍታ ጉዳይ። የምንማርባቸው ምሳሌዎችና ሶፍትዌሮች ሁሉ 101.3 ኪሎ ፓስካልን የከባቢ አየር ግፊት አድርገው ይነሣሉ። ይህ የባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ግፊቱ 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ ውሃም 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ደጋ ላይ የሚቆም ፋብሪካ የምትነድፉ ከሆነ ይህ ቁጥር በሁሉም መሣሪያ ላይ አሻራውን ያሳርፋል። ለአየር ክፍት በሆነ ማማ አናት ላይ ያለው የኤታኖል ተን በ78 ፈንታ 71 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይጤዛል፤ በተኑና በማቀዝቀዣው ውሃ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ስለሚጠብ ኮንደንሰሩ ሰፋ ማለት አለበት። የተኑ ጥግግት በሩብ ያህል ስለሚቀንስ ያንኑ የክብደት ፍሰት ለማሳለፍ የማማው የመስቀለኛ ገጽ ስፋት በ15 በመቶ ገደማ መጨመር ይኖርበታል። ክፍት ከሆነ ታንክ ውሃ የሚስብ ፓምፕም ሁለት ሜትር ተኩል ያህል የውሃ ከፍታ የሚሆን የመሳቢያ ግፊት ያጣል፤ ፈሳሹ ሞቃት ከሆነ ፓምፑ ውስጥ አረፋ ፈጥሮ ምላጩን ይበላዋል። ከውጭ የምናመጣው ኮምፕረሰርም በካታሎጉ ላይ የተጻፈለትን ያህል የአየር ክብደት እዚህ አይሰጥም።

ይህን ጉዳይ ከውጭ የመጡ የዲዛይን ምሳሌዎች አያነሡትም፤ የተጻፉት ለዝቅተኛ ቦታዎች ነውና። የማስተርስ ሥራችሁን የመጀመሪያ ገጽ «የቦታው ሁኔታ» በሚል ርእስ ጀምሩት፤ ከፍታ፣ ግፊት፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ የአየር ሙቀት፣ እርጥበት፣ የውሃው ሙቀትና ጥራት። ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለውን ነባር የግፊት ቁጥር ቀይሩ። በአንድ ደቂቃ የሚሠራ ነገር ነው፤ ለአገር ኢንዱስትሪ ግን ትርጉሙ ትልቅ ነው።

ወደ አዜዮትሮፑ እንመለስ። ከ95 ወደ 99.5 በመቶ ለመሻገር ብዙ መንገድ አለ፤ ሳይክሎሄክሴን ጨምሮ ማንጠር፣ በኤትሊን ግላይኮል ውሃውን መያዝ፣ ወይም በሞለኪውል ወንፊት ማድረቅ። ሦስተኛው መንገድ ዛሬ በጣም የተለመደው ነው። የወንፊቱ ቀዳዳ 3 አንግስትሮም ያህል ነው፤ የውሃ ሞለኪውል ከዚያ ስለሚያንስ ይገባል፣ ኤታኖል ስለሚበልጥ ውጭ ይቀራል። ወንፊቱ ውሃ ሲጠግብ ግፊቱ ይቀነስና ከደረቀው ምርት የተወሰነው ተመልሶ ያጥበዋል። የታጠበው እርጥብ ኤታኖል የሚጣል ነገር ስላልሆነ ወደ ማማው ይመለሳል።

የላቀ ዲዛይን የሚባለው ትምህርት ልቡ ያለው እዚህ ተመላሽ ፍሰት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይ። በሰዓት 1,000 ኪሎ ግራም 99.5 በመቶ ኤታኖል እንፈልጋለን እንበል። ከወንፊቱ የሚመለሰው ደግሞ 300 ኪሎ ግራም፣ ኤታኖሉ 70 በመቶ ይሁን። ወደ ወንፊቱ መግባት ያለበት 1,300 ኪሎ ግራም ነው፤ ውስጡ ያለው ኤታኖል 995 ሲደመር 210፣ ማለትም 1,205 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ 92.7 በመቶ ነው። ከእነዚህ ጥቂት መስመሮች ሁለት ነገር ይወጣል። ማማው የሚነደፈው ለ1,000 ሳይሆን ለ1,300 ኪሎ ግራም የአናት ምርት ነው። በተጨማሪም ማማው እስከ 95 በመቶ መድረስ አያስፈልገውም። አዜዮትሮፑ አጠገብ እያንዳንዷን ተጨማሪ ንጽህና ለማግኘት ብዙ ትሪና ብዙ እንፋሎት ስለሚጠይቅ፣ ቀሪውን ለወንፊቱ መተው ያዋጣል። ነገር ግን ወንፊቱ ላይ ብዙ ውሃ ከጣልን የሚመለሰው ፍሰት ያድጋል፣ ማማውም እንደገና ይሰፋል። ሁለቱ መሣሪያዎች ተለያይተው ሊነደፉ አይችሉም። ሁለት ቡድን ተከፋፍሎ አንዱ ማማውን፣ ሌላው ወንፊቱን ቢሠራ መጨረሻ ላይ የማይገጣጠሙ ሁለት ግማሾች ይገኛሉ።

ተመላሽ ፍሰት በሲሙሌሽን ውስጥ ሲገባ ስሌቱ ብዙ ጊዜ አልዘጋ ይላል፤ ብዙ ተማሪም ሌሊቱን በዚህ ያድራል። የሚያዋጣው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። መጀመሪያ ከላይ እንዳደረግነው በወረቀት ወይም በኤክሴል የቁስ ሚዛኑን ሥሩ። ቀጥሎ ሲሙሌሽኑን ተመላሹን ቆርጣችሁ አስሉት፤ በተቆረጠው ቦታ ላይ በእጅ ያገኛችሁትን ቁጥር እንደ መነሻ ግምት አስገቡ። እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው መሥራቱን ካያችሁ በኋላ ብቻ ክቡን ዝጉ። በዜሮ ግምት የተጀመረ ክብ መንገዱን ይስታል፤ በጥሩ ግምት የተጀመረው ግን በጥቂት ዙር ይረጋጋል። ካልተረጋጋም ተመላሹ ውስጥ መውጫ ያጣ ንጥረ ነገር እንዳለ መርምሩ። ቶሉዊንን ከሃይድሮጅን ጋር አዋህዶ ቤንዚን የተባለውን ኬሚካል (benzene፤ የመኪናውን ነዳጅ ሳይሆን) በሚያመርተው የታወቀ የማስተማሪያ ምሳሌ ውስጥ ሚቴን በሃይድሮጅኑ ተመላሽ ላይ ይከማቻል፤ የተወሰነው ጋዝ ያለማቋረጥ ካልወጣ ሂደቱ አይረጋጋም። የእኛው ፊዩዝል ዘይትም ጠባዩ ይኸው ነው።

ሶፍትዌርን በተመለከተ፣ አስፐን ፕላስ በኢንዱስትሪው የታወቀ ቢሆንም ፈቃዱ ውድ ነው። ዲደብሊውሲም ደግሞ ነጻ ነው፤ ኤንአርቲኤልን፣ ዩኒኳክንና ፔንግ-ሮቢንሰንን ይዟል፣ አንድ ጊዜ ከጫናችሁት በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የማስተርስ ኮርስ የሚጠይቀውን አብዛኛውን ነገር ይሸፍናል። ፈቃድ አላገኘሁም ብላችሁ አትቀመጡ።

የሙቀት ውህደት፣ ማለትም አንዱ ፍሰት የሚጥለውን ሙቀት ለሌላው መጠቀም፣ ሌላው ትልቅ ምዕራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቦዶ ሊንሆፍ ያዳበረው የፒንች ትንተና መሠረተ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መቀዝቀዝ ያለባቸውን ፍሰቶች ሁሉ በአንድ ኩርባ፣ መሞቅ ያለባቸውን በሌላ ኩርባ ታጠቃልላላችሁ፤ ሁለቱ ኩርባዎች በጣም የሚቀራረቡበት ነጥብ ፒንች ይባላል። ከዚያ ነጥብ በላይ በውጭ ማቀዝቀዣ አትጠቀሙ፣ ከዚያ በታች በእንፋሎት አታሙቁ፣ በነጥቡ ላይም ሙቀት አታሻግሩ። እነዚህን ሕጎች የጣሰ ንድፍ እንፋሎቱንም የማቀዝቀዣውን ውሃም በእኩል መጠን ያባክናል።

ኩርባዎቹን ቢያንስ አንድ ጊዜ በሚሊሜትር ወረቀት ላይ በእጃችሁ ሣሉ። በኤታኖል ፋብሪካ ውስጥ ትርጉሙ ወዲያው ይታያል። በእርሾ የተብላላው ድፍድፍ በ32 ዲግሪ ወደ ማማው ሊገባ ይመጣል፤ ከማማው ግርጌ ቪናስ የሚባለው ዝቃጭ በ95 ዲግሪ አካባቢ ይወጣል። በሰዓት 20 ቶን ድፍድፍ በዚህ ዝቃጭ እስከ 85 ዲግሪ ቢሞቅ 1,180 ኪሎ ዋት ገደማ ሙቀት ይተርፋል፤ ይህም በሰዓት ሁለት ቶን ያህል እንፋሎት ነው። ከዚህ የሚበልጠው ቁጠባ ያለው ግን ግፊትን በመምረጥ ላይ ነው። አንዱን ማማ ከፍ ባለ ግፊት ብናሠራው የአናቱ ተን የሌላውን ማማ ግርጌ ሊያፈላ ይችላል፤ ያው እንፋሎት ሁለት ጊዜ ሠራ ማለት ነው። ኮርሱ ላይ ግፊትን እንደተሰጠ ቁጥር የሚያይ ተማሪ ይህን ዕድል አያየውም። ቪናሱ ራሱም ሊረሳ አይገባም፤ ለእያንዳንዱ ሊትር ኤታኖል ከ10 እስከ 15 ሊትር ይወጣል፣ ወንዝ ውስጥ ከገባ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። የዲዛይኑ ወሰን የፋብሪካው አጥር ላይ ሳይሆን ዝቃጩ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ይሁን።

ስለ ወጪ ስሌት አጠር አድርጌ ልለፍ። የመሣሪያ አቅም በእጥፍ ሲያድግ ዋጋው በግምት 1.5 እጥፍ ብቻ ያድጋል፤ የፈሳሽ ፋብሪካ ጠቅላላ ካፒታልም ከመሣሪያዎቹ የግዢ ዋጋ 4 እና 5 እጥፍ መካከል ይወድቃል። ለመጀመሪያ ግምት ይበቃሉ። እኛ ጋ ግን አብዛኛው መሣሪያ በውጭ ምንዛሪ ስለሚገዛ፣ የብር ምንዛሪ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ወዲህ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ ያየነው ለውጥ ብቻውን አንድን ፕሮጀክት አዋጪ ወይም ኪሳራ ሊያደርግ ይችላል። በአንድ የምንዛሪ ቁጥር ብቻ የተሠራ የአዋጭነት ጥናት አታቅርቡ።

ደኅንነት ብዙ ጊዜ የዘገባው የመጨረሻ ምዕራፍ ይሆናል፤ ይህ ልማድ ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1974 በእንግሊዝ አገር ፍሊክስቦሮ ውስጥ 28 ሰዎች የሞቱት በሁለት ሪአክተሮች መካከል በጊዜያዊነት የተገጠመ ቧንቧ ስለተበጠሰ ነው። ያ ቧንቧ እንደ ዲዛይን አልታየም፤ የተሟላ ስሌትም አልተሠራለትም ነበር። በኤታኖል ፋብሪካ ደግሞ ከ180 እጅ ግሉኮስ በክብደት 92 እጅ ኤታኖልና 88 እጅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ማለትም ምርቱን የሚያህል ጋዝ። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ታንክና ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ሰው ይገድላል። ኤታኖል በእሳት ብልጭታ ሊቀጣጠል የሚበቃ ተን የሚያወጣበት ሙቀትም (ፍላሽ ፖይንት) ግፊቱ ዝቅ ባለበት ደጋ ላይ ይበልጥ ይወርዳል። የሃዞፕ (የአደጋና የአሠራር ችግር ፍተሻ) ጥያቄዎችን፣ ፍሰቱ ቢቆምስ? ቢበዛስ? ወደ ኋላ ቢመለስስ? የሚሉትን፣ የመጀመሪያው ሥዕል ላይ ሆናችሁ ጠይቁ። መብራት ቢጠፋስ የሚለውን ደግሞ ሳትጨምሩ አትለፉ፤ የማቀዝቀዣ ፓምፑ ሲቆም ማማው ውስጥ ያለው ተን የት ይሄዳል?

ከመግባታችሁ በፊት የምትዘጋጁበት ክረምት ካላችሁ መስመራዊ አልጀብራን፣ የኢ-መስመራዊ እኩልታዎችን አፈታትና የኦፕቲማይዜሽንን መሠረት ከልሱ። ኋላ ላይ «ይህ መሣሪያ ይኑር ወይስ አይኑር» የሚለውን ምርጫ በዜሮና በአንድ ወክላችሁ ኮምፒውተሩ እንዲመርጥ ታደርጋላችሁ፤ በፓይተን የሚሠራው ፓዮሞ ለዚህ ነጻ መሣሪያ ነው። ይህ ኃይለኛ ዘዴ ነው፤ ሆኖም የሚመርጠው እናንተ ካቀረባችሁለት አማራጮች ብቻ ስለሆነ ከላይ ያልኳቸውን ነገሮች አይተካም።

አንድ ደብተር ለውሳኔዎች ብቻ ያዙ። በአንድ በኩል የመረጣችሁትን፣ በሌላው በኩል የተዋችሁትን አማራጭና የተዋችሁበትን ምክንያት ከነቁጥሩ ጻፉ። የመመረቂያ ጽሑፍ ስትከላከሉ የሚጠየቀው ስለ ተተወው አማራጭ ነው።

ከፋብሪካ መረጃ ለማግኘት ስትሄዱ ደግሞ «የምርት መረጃ ስጡኝ» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰፊ ጥያቄ ኃላፊውን ያስፈራዋል። ከትምህርት ክፍላችሁ ደብዳቤ ይዛችሁ፣ የቁስ ሚዛናችሁን ሠርታችሁ፣ የጎደሏችሁን አምስት ወይም ስድስት ቁጥሮች ብቻ ባዶ ትታችሁ ሂዱ፤ የድፍድፉ የአልኮል መጠን፣ የማማው አናትና ግርጌ ሙቀት፣ የእንፋሎቱ ግፊት፣ ወንፊቱ የሚታጠብበት የጊዜ ልዩነት። በምሽት ፈረቃ ላይ ያሉትን የመቆጣጠሪያ ክፍል ኦፕሬተሮች በአክብሮት አነጋግሩ። ማማው መቼ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ቴርሞሜትር እንደማይታመን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ጋሼ ወይም እትዬ ብላችሁ ስማቸውን ጠርታችሁ፣ ያገኛችሁትን ውጤት መልሳችሁ ብታሳዩአቸው በሚቀጥለው ጊዜ መረጃውን ራሳቸው ይዘው ይጠብቋችኋል።